ስም የሌለው ደብዳቤና ጋሽ አስራት

ጋሽ አስራት ማረፋቸውን የሰማሁት ዓርብ ዕለት ቢሮ ተቀምጬ ነው። የዕድሩ ጥሩምባ ከታች ሰፈር ጮኸ፤ ለፋፊው "መምህር አስራት ስላረፉ ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ነው፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" እያለ በመስኮታችን ሥር አለፈ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ "ውይ! ጋሽ ድልድይ ሞቱ እንዴ?" አለች። እኔ ላይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። "ደብዳቤው አሁን ማን እጅ ነው?" የሚል ፍርሃት ነው። ተነስቼ ሽንት ቤት ገባሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ውኃው ሲወርድ ዝም ብዬ አየሁት።

እንግዲህ እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ውሻ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ፣ ስብሰባ ላይ "አስተያየት ያለው?" ሲባል ጫማዬን አያለሁ። "ፈሪ ለእናቱ" ይባል የለ? እናቴ ይህችን ተረት እንደ ምርቃት ነው የምትነግረኝ። ጋሽ አስራትም ፈሪ ነበሩ። ሰው ይህን ስለው ይስቅብኛል፤ ከተማው የሚያውቃቸው አልነሳም ብለው ሚሊሻ ከነወንበራቸው ተሸክሞ ያነሳቸው ሰውዬ ሆነው ነውና። እኔ ግን ለአራት ዓመት ከፊት ወንበር ሆኜ አይቻቸዋለሁ። ሲፈሩ የግራ ጆሯቸውን ይይዛሉ። የፈሩትን ነገር አይተዉትም፤ ጆሯቸውን እንደያዙ ይናገሩታል።

እዚሁ ቦንጋ፣ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የዋጫ አካባቢ ሰው ናቸው። አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ስለሆነ እንደ መጽሐፍ ነው የሚናገሩት፣ ቀስ ብለው፣ ቃሉን እስከ ጫፉ እየጨረሱ። ሲናደዱ ብቻ ወደ አፍ መፍቻቸው፣ ወደ ካፊኖኖ፣ ይገባሉ፤ ያኔ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡት መምህራን ምን እንደተባሉ ሳያውቁ ይቀራሉ። አጭር ናቸው፤ ጥቁር ጃንጥላ በጋ ከክረምት ከእጃቸው አይለይም። ቦንጋ ላይ ይህ አያስቅም፤ የኛ ዝናብ ቀጠሮ አያውቅም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ፈተና አርመው ሲመልሱ ስም ያልተጻፈበት ወረቀት ካጋጠማቸው አይቆጡም፣ ዜሮም አይሰጡም፣ "ይሄ የማነው?" ብለውም አይጠይቁም። በቀይ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ አንዲት መስመር ያሰምራሉ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያስቀምጡትና "እጠብቃለሁ" ይላሉ። በቃ። ትምህርቱ ይቀጥላል። የያንዳንዳችንን የእጅ ጽሑፍ አብጠርጥረው ያውቁታል እኮ! ግን ባለቤቱ በገዛ እግሩ ተነስቶ፣ ክፍሉ ሁሉ እያየው ሄዶ፣ በቀይዋ መስመር ላይ ስሙን እስኪጽፍ ድረስ ውጤቱ አይነገርም። አንድ ልጅ ወር ሙሉ አስጠብቋቸው ያውቃል። እሳቸው እቴ! በየቀኑ ወረቀቱን አቧራ አራግፈው መልሰው ያስቀምጡታል።

ዓርብ ከሰዓት የታሪክ ክበብ ነበራቸው። የክበቡ መጽሐፍ አንድ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም የስዊድን ታሪክ። ወጣት መምህር ሳሉ ጎረቤታቸው ተከራይታ የነበረች ስዊድናዊት ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ ትታላቸው የሄደችው ነው። በየዓመቱ ተከፋፍሎ፣ በዚያ ዓመት ምን ሆነ፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ እያለ ይዘረዝራል። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ስዊድን ለቦንጋ ምኗ ነው?" ብለን ጠየቅናቸው። ጆሯቸውን ያዙ።

"ስለ ራሳችን ነገሥታት ባወራ፣ ነገ ከመካከላችሁ የአንዱ አባት አያቴን ሰደቡብኝ ብሎ በር ላይ ይመጣብኛል" አሉ። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። የስዊድንን ንጉሥ ብንከስ ግን ማን ይቆጣናል? ስቶክሆልም ከቦንጋ ሩቅ ነው።"

እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። አንድ ዓመት ይመርጡና የዚያን ዓመት ሰዎች ያከፋፍሉናል፤ ተማሪው ሴሚስተሩን ሙሉ የደረሰውን ሰው ሆኖ ይቆያል፣ በዚያው ይጠራል፣ ሲጠየቅ በዚያ ሰው ፋንታ ይመልሳል። ለእኛ የደረሰን የፈረንጆቹ 1792 ነበር። "በእኛ 1784 መሆኑ ነው" ብለው ሁለቱንም ሰሌዳው ላይ ጻፉ። በዚያ ዓመት የስዊድን ንጉሥ በጭምብል ጭፈራ ላይ በጥይት ተመታ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሞተ። ንጉሡ ለተስፋዬ ደረሰው። ተስፋዬ ዛሬ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ከባጃጁ ጀርባ "ንጉሡ 1784" ብሎ አስጽፏል፣ ሰው የሞዴል ቁጥር ይመስለዋል። ለክፍላችን ሰነፍ ደግሞ በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን ሰጡት። ሕፃኑ በኋላ አድጎ ዛሬ የስልካችን ባትሪ ውስጥ ያለውን ሊቲየም ያገኘ ኬሚስት ሆኗል። "ገና ጊዜ አለህ፣ አይዞህ" አሉት።

ለእኔ የደረሰኝ ደብዳቤ ጸሐፊው ነው። አንድ የዘበኛ መኮንን ሴራውን ያውቅ ነበር። ንጉሡ እንዲሞት አልፈለገም፤ የእሱም ስም እንዲታወቅ አልፈለገም። ስለዚህ ወደ ጭፈራው እንዳይሄድ የሚያስጠነቅቅ ስም የሌለው ደብዳቤ ላከ። ንጉሡ እራቱ ላይ አነበበው፣ ናቀው፣ ሄደ።

"ቢፈርምበት ኖሮ ንጉሡ ይቀር ነበር?" ብዬ ጠየቅሁ።

"አላውቅም፣ ልጄ። መጽሐፉም አያውቅም።"

"ሰውየውስ ምን ሆነ?"

"ጸሐፊው እሱ መሆኑ ታወቀ። ከአገር ተባረረ፣ በሰው አገር ስሙን ቀይሮ ኖረ፣ እዚያው ሞተ።"

ተናደድኩ። ሌላው ንጉሥና ወታደር ሲሆን እኔ ለምን ይሄ ፈሪ ይደርሰኛል? እንባዬ እየመጣ ይህንኑ አልኳቸው። ጋሽ አስራት ጃንጥላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው አጠገቤ ተቀመጡ። "ግድ ያልሰጠው ሰው ደብዳቤ አይጽፍም፣ ፍሬ" አሉኝ። "ይሄ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ግማሽ መንገድም ቀላል እንዳይመስልሽ።" የዚያን ሴሚስተር ሁሉም "ባለ ደብዳቤዋ" እያለ ሲጠራኝ ከረመ።

ጊዜው ሄደ። በግንባታ ተመርቄ ወደ ቦንጋ ተመለስኩና መንገድና ድልድይ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ገባሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ወንዝ ላይ የእግረኛ ድልድይ አሠራን፤ ከማዶ ያሉ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩበት። እኔ ሳይት ላይ ረዳት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ድልድዩን የሚሸከመው የማዶው ግንብ መሠረት እስከ አለቱ ድረስ መቆፈር ነበረበት። አልተቆፈረም። ዝናቡ ገባ፣ ጉድጓዱ ውኃ ሞላ፣ የምርቃቱ ቀን ደግሞ ተቆርጧል። ፎርማኑ "ይበቃል፣ ሙሉት" አለ፤ ኮንክሪቱ ጭቃና የወንዝ ጠጠር ላይ ፈሰሰ። ከጎኑ ቆሜ አየሁ።

ርክክብ ሲደረግ ቃለ ጉባኤው ሦስት ፊርማ ይፈልጋል። ሁለቱ ፈርመዋል፤ ሦስተኛው ባለሙያ ጅማ ሄዷል። ኃላፊያችን አቶ ደረጀ ወረቀቱን ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው፤ ክፉ አይደሉም፣ ችኩል ናቸው እንጂ። "ፍሬ፣ ለፎርማሊቲ ነው፣ እዚህች ጋ" አሉኝ። ፈረምኩ። ስሜን ከነአባቴ ስም፣ አሳምሬ ጻፍኩት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የማዶው ግንብ እግር ላይ ስንጥቅ አየሁ። ትንሿ ጣቴ ገባችበት። ከዚያች ቀን ወዲያ እህል አልዋጥ አለኝ። ቅዳሜ ምርቃት ነው፤ ሁለት ክፍል ሙሉ ተማሪ ድልድዩ ላይ ተሰልፎ እንዲዘምር ታስቧል፤ ተማሪዎቹን የሚመሩት ደግሞ ጋሽ አስራት ናቸው። ለአቶ ደረጀ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄድኩ። "ምነው ፍሬ?" ሲሉኝ "ስቴፕለር ፈልጌ" አልኩ። ሁለቴም ስቴፕለር ሰጡኝ። ሁለት ስቴፕለር ታቅፌ ጠረጴዛዬ ላይ አለቀስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ለጋሽ አስራት ደብዳቤ ጻፍኩ። "የማዶው ግንብ መሠረት አለቱን አልነካም። ተሰንጥቋል። ተማሪዎቹን አያሰልፏቸው። ከአምስት ሰው በላይ ባንድ ጊዜ አይቁምበት።" አምስት ያልኩት አስልቼ አይደለም። ከፍርሃቴ የወጣ ቁጥር ነው፤ ሦስትም ልል እችል ነበር፣ አሥርም። ስም አልጻፍኩበትም። ፊደሌንም ለመለወጥ ሞክሬ፣ ጋሽ አስራት ሳይነሱ በበራቸው ሥር አስገብቼ ሮጥኩ።

በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ጃንጥላቸው በር ላይ ብቅ አለ። መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉት፣ ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ፣ ከጽሑፉ ግርጌ አንዲት መስመር አሰመሩ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት።

"እጠብቃለሁ" አሉ።

"የእኔ አይደለም፣ ጋሼ" አልኩ። ወዲያው፣ ሳልተነፍስ ነው ያልኩት።

ግራ ጆሯቸውን ያዙ። ለካ እሳቸውም ፈርተዋል! "እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ልጄ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ግንብ አላውቅም። ብጮህ ማን ይሰማኛል? የሚያውቅ ሰው ስም ያስፈልገኛል።"

"ጋሼ ይሙቱ! የእኔ አይደለም አልኩ እኮ።"

ሻዬ እስኪበርድ ድረስ ተቀመጡ። ከዚያ ደብዳቤውን በአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና "እሺ" ብለው ወጡ። ዓይኔን ከጠረጴዛው አላነሳሁም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እኛ ቢሮ ነው የሄዱት። ድልድዩ ይመርመር አሉ። አቶ ደረጀ "ማን ነገርዎት?" አሉ። "ደብዳቤ ደርሶኛል።" "ማን ጻፈው?" "ስም የለውም።" "ያሳዩን እስቲ፣ የማን እጅ እንደሆነ እናውቃለን" ሲሏቸው ጋሽ አስራት፣ ዕድሜ ልካቸውን አንዲት ውሸት ያልሰማሁባቸው ሰው፣ "ኪሴ ውስጥ እንዳለ ልብሴ ታጥቦ ቀለጠ" አሉ። ከሰዓት ስብሰባ ላይ አቶ ደረጀ ይህን ሲያወሩ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "ስም የሌለው ደብዳቤ ልማት ለማደናቀፍ ነው" ተባለ። እኔም ሳቅሁ። እንዲያውም ከሁሉም ጮክ ብዬ ሳልሳቅ አልቀርም።

ቅዳሜ መጣ። ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያ መጣ። አቶ ደረጀ በንግግራቸው "ይህ ድልድይ እንደ እግዜር ድልድይ ለዘላለም ይቆማል" አሉ። የእግዜር ድልድይ የሚባለው እዚሁ አገራችን ተፈጥሮ ከአለት የሠራችው ነው፤ እግዜር እስከ አለቱ ድረስ ነው የሠራው። ተማሪዎቹ ሊሰለፉ ሲሉ ጋሽ አስራት ከእንግዶቹ ወንበር አንዱን አንስተው ድልድዩ አፍ ላይ አኖሩና ተቀመጡበት። "ልጆቼ አይገቡም" አሉ።

የክብር እንግዳው "አባት፣ ምን ሆነው ነው?" ብለው በትሕትና ጠየቋቸው። ጋሽ አስራት ጆሯቸውን ይዘው "ክቡር ሆይ፣ በስዊድን አገር አንድ ንጉሥ ነበር" ብለው ጀመሩ። ስለ ደብዳቤው፣ ስለ እራቱ፣ ስለ ጭፈራው። ሰዉ መጀመሪያ ተያየ። ከዚያ አንዱ በሳቅ ፍርስ አለ፣ ሌላው ተከተለ። እኔ ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ ነበርኩ። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ሁለት ሚሊሻዎች ከነወንበራቸው አንስተው ወደ ጎን ወሰዷቸው። በአየር ላይ ሆነው እንኳ ዓይናቸው ልጆቹ ላይ ነበር። ልጆቹ ገቡ። ተሰለፉ። ዘመሩ። የመዝሙሩን ስንኞች ቆጠርኩ፤ አራት ናቸው፣ ሁለት ጊዜ ዘመሩት።

ድልድዩ አልወደቀም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው "ጋሽ ድልድይ" ሆነ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፣ ክበቡ ተዘጋ፣ ጡረታቸው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከማስተማር አንስተው ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጧቸው። እሳቸው ግን ጠዋት ከደወል በፊት፣ ከሰዓት ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ድልድዩ አፍ ላይ ናቸው። ቦት ጫማ አድርገው፣ ጃንጥላ ዘርግተው፣ "አምስት አምስት!" ይላሉ። አምስት ልጅ ያሳልፋሉ፣ ማዶ እስኪደርሱ ይጠብቃሉ፣ አምስት ይጨምራሉ። ልጆቹ መጀመሪያ እንደ ጨዋታ ያዙት፣ ኋላ ለመዱት። ወላጆች "ምን ይደረግ፣ መምህሩ ዞሮባቸዋል" ይሉ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ! ከእኔ ስም የለሽ ወረቀት ላይ የወጣችውን፣ ዝም ብዬ የጻፍኳትን "አምስት" እንደ ወንጌል ይዘው፣ በዝናብ ቆሙ። በዚህ ከተማ ያንን ደብዳቤ ያመነ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

እኔ መንገድ ቀየርኩ። ወደ ሺሺንዳ ለሥራ ስላክ እንኳ በዚያ በኩል እንዳናልፍ ሾፌሩን እለማመጥ ነበር። አንድ ቀን ግን አልቀረልኝም፤ መኪናችን እዚያው ዳገት ላይ ጭቃ ያዛት። በመስኮት አየኋቸው። ከሲታ ሆነዋል፣ ያስላቸዋል፣ ጃንጥላቸውን ለሁለት ትንንሽ ልጆች ሰጥተው እሳቸው ይበሰብሳሉ። ግራ እጃቸው ጆሯቸው ላይ ነው። አዩኝ። ቀኝ እጃቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጡኝ፣ ደግሞ ወደ ልጆቹ ዞሩ። ቂም የለ፣ ምንም የለ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር አልኩ በሆዴ፤ አንቱታውም ጠፋብኝ።

ሳንባ ምች ነው የገደላቸው።

ቀብሩ ቅዳሜ ተፈጸመ። እኔ ከሰው ጀርባ ጀርባ ሆኜ ዋልኩ። ሰኞ፣ በሣልስቱ፣ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። ደብዳቤው ያለው የስዊድኑ መጽሐፍ ውስጥ እንደሚሆን ገምቻለሁ፤ ከማንም በፊት ልወስደው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ አቶ ደረጀ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ተቀምጠው ንፍሮ ይዘግናሉ።

ገና ሳልቀመጥ ባለቤታቸው እትዬ ወርቅነሽ ከጓዳ አዩኝ። "ፍሬ! ነይማ፣ እሱ ለአንቺ ይሰጥ ያለውን ልስጥሽ!" ብለው በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ተጣሩ። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልለው አመጡት። አቶ ደረጀ ቀና ብለው "ምን መጽሐፍ ነው?" አሉ።

"የ... የስዊድን ታሪክ" አልኩ።

"ለምን ይሆናል?" አሉና ወደ ንፍሯቸው ተመለሱ።

እትዬ ወርቅነሽ ግን እጄን አልለቀቁም። ዓይናቸው በለቅሶ ቀልቷል። "'ልጆቹን ማን ያሻግራቸዋል?' እያለ ነው የሞተው" አሉኝ። "ደግሞ መልሶ 'ፍሬ ታውቃለች' ይላል። ምኑን ነው የምታውቂው፣ ልጄ?"

"ልምጣ" ብዬ ወጣሁ።

በር ላይ ተስፋዬ ባጃጁን አቁሞ ለቀስተኛ ይጠብቃል። ከኋላ ገብቼ መጽሐፉን ከፈትኩት። 1792 ላይ በራሱ ተከፈተ። ደብዳቤዬ እዚያ ነበር፣ ያቺ ቀይ መስመር ባዶዋን። ከሥሩ ደግሞ ሌሎች ወረቀቶች። በእሳቸው እጅ የተጻፉ ማመልከቻዎች፤ ድልድዩ ይመርመርልኝ የሚሉ። ለእኛ ቢሮ፣ ለሌላ ቢሮ፣ እንደገና ለእኛ። ሁሉም ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም አለ። ሁሉም ላይ ስማቸው ከነፊርማቸው አለ። አንዱ ጠርዝ ላይ "አመልካቹ የግንባታ ባለሙያ ባለመሆናቸው ተቀባይነት የለውም" ተብሎ ተጽፎበታል። የአቶ ደረጀ እጅ ነው፤ አውቀዋለሁ። እሳቸው በማያውቁት ነገር ያን ያህል ጊዜ ሲፈርሙ፣ የማውቀው እኔ ስቴፕለር ስሰበስብ ነበር። ያኔ ነው ሐዘኑ የመጣው። አፌን በፌስታሉ አፍኜ አለቀስኩ።

"ባለ ደብዳቤዋ፣ ወዴት ልውሰድሽ?" አለ ተስፋዬ በመስታወቱ እያየኝ።

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ሰኞ ነው። ደንገጥ አልኩ። "ወደ ድልድዩ! ቶሎ በል!"

ስንደርስ ዝናቡ ጀምሯል። ልጆቹ እሳቸው ከታመሙ ወዲህ በልማድ ራሳቸው እየቆጠሩ ሲሻገሩ ሰንብተዋል፤ ዛሬ ግን በዝናቡ ድልድዩ አፍ ላይ ተከማችተዋል፤ ከፊት ያሉት ተደናግጠው ቆመዋል፣ ከኋላ ያሉት ከዝናቡ ለማምለጥ ይገፋሉ። አንዳንዶቹ ገብተዋል። ወንዙ ቀይ ሆኖ ሞልቷል። ከባጃጁ ዘልዬ ወረድኩ። ተስፋዬ ክላክሱን ተጭኖ ያዘው። ሁሉም ዞሩ።

"አምስት አምስት!" አልኩ። የፍየል ድምፅ ነው የወጣኝ። "አምስት አምስት! የገባችሁት ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ አትሩጡ!"

ቆሙ። ልማድ ነው፤ ሁለት ዓመት ያንን ቃል ሰምተዋል። አንዲት ሹሩባዋ የተፈታ፣ ደብተሯን በላስቲክ የጠቀለለች ልጅ ከፊቴ መጥታ ቀና ብላ አየችኝ።

"ጋሽ አስራት የሉም እኮ" አለች። "አንቺ ማን ነሽ?"

ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን ሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለሁ መሰለኝ። "ፍሬሕይወት ወልደማርያም እባላለሁ" አልኳት። "ይሄ ድልድይ ሲሠራ ነበርኩ። ደህና ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ደህና አይደለም።"

"እሺ" አለች፣ አምስተኛ ሆና ተሰለፈች።

የመጨረሻዎቹ ማዶ ሲደርሱ ተከትዬ ተሻገርኩና ግንቡ እግር ሥር ወረድኩ። ድሮ ትንሿ ጣቴ የገባችበት ስንጥቅ አራት ጣቴን ዋጠ። ስመለስ ከተስፋዬ እስክሪብቶ ተቀብዬ፣ የባጃጁ ወንበር ላይ አስደግፌ፣ ቀይዋ መስመር ላይ ስሜን ጻፍኩ። የዝናብ ጠብታ ወድቆበት አንድ ፊደል ፈሷል፤ ይነበባል ግን።

በማግሥቱ ጠዋት ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገባሁ። መዝጋቢዋ ገልብጣ አይታው "ይሄ እኮ አሮጌ ወረቀት ነው፣ እስከ ዛሬ የት ነበር?" አለችኝ። "መምህሬ ጋ" አልኩ። ማኅተም መታችበት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አቶ ደረጀ አስጠሩኝና በሩን ዘጉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። "ምን እንዳደረግሽ ገብቶሻል? ርክክቡ ላይ የፈረምሽው እኮ አንቺ ራስሽ ነሽ!"

"አዎ" አልኳቸው። "እዚያም ስሜ አለ፣ እዚህም አለ።" ስናገር ግራ ጆሮዬን ይዤ ነበር። የያዝኩት መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ይህን ስጽፍ ሳምንት ሆኖታል። ድልድዩ ገና አልተዘጋም፤ ባለሙያዎች ይመጣሉ ተብሏል። ልባረር እችላለሁ፣ ልከሰስም እችላለሁ፤ እናቴ አታናግረኝም። በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ። ፈሪ ነኝ አልኩ እኮ፣ አልተለወጥኩም። ጠዋትና ከሰዓት ግን ድልድዩ አፍ ላይ ነኝ፤ ጃንጥላውን እትዬ ወርቅነሽ ሰጥተውኛል። ትናንት ሹሩባዋ የተፈታባት ልጅ ተራዋን ስትጠብቅ "እትዬ ፍሬሕይወት፣ አምስት አምስት እስከ መቼ ነው?" አለችኝ።

"መጥተው እስኪያዩት።"

"ካልመጡስ?"

ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘነበልኩት። "እጠብቃለሁ" አልኳት።